ሩቅን በሁለት ዓይን ስለ ማየት፤ ከፍተኛ የማጉላት ኃይል ያለው መነጽር አመራረጥ

(በቱም ከተማ በተደረገው የማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ሩቅ ማሳያ መነጽር አመራረጥ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ለአንድ ሙሉ ንግግር የሚበቃ መስሎ አልታየኝም ነበር። መነጽር፣ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንለው ባይኖኩላር፣ ከቴዎዶላይትና ከቶታል ስቴሽን አጠገብ ሲቀመጥ እንደ ትርፍ ዕቃ የሚቆጠር፣ ሲጠፋም የማይፈለግ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከዚህ ከቱም ተነሥቶ ወደ ማጂ የወጣና ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ኦሞ ቆላ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ አገሩ ራሱ ይህን ጥያቄ እንደሚያነሣበት ያውቃል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ደጋ እስከ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ እስካለው የኦሞ ሜዳ ድረስ፣ ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያካልለውን አገር እግር በቀናት አያዳርሰውም። የመንገድ መሐንዲሱ፣ የቴሌኮም ማማ የሚተክለው ባለሙያ፣ የደን ጠባቂውና የኦሞ ብሔራዊ ፓርክን አራዊት የሚቆጥረው ሰው ሁሉም እዚሁ አፋፍ ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ያ የሚታየኝ ነገር ምንድን ነው?»

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦራቸውን እየመሩ ከከፋ ወደ ሩዶልፍ፣ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ሐይቅ ሲወርዱ አብሯቸው የተጓዘው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ በየተራራው ጫፍ እየወጣ የሩቅ ጫፎችን አቅጣጫ በመለካት የዚህን አገር ካርታ ለመሥራት ደክሟል። ከኦሞ በስተ ምዕራብ የሚገኘውንም የተራራ ሰንሰለት በንጉሡ በዳግማዊ ኒቆላዎስ ስም ሰይሞት ነበር። ተራሮቹ ቀድሞውኑ ስምም ባለቤትም ነበራቸውና ስያሜው አልጸናም።

ዛሬ ሳተላይት አለ፣ ድሮን አለ፤ በየካቲት 1992 ዓ.ም. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የመሬት ከፍታ መረጃም ለማንም ክፍት ነው፤ ታዲያ መነጽር ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ፣ የማያኮራኝ ቢሆንም እናገረዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለአንድ መጋቢ መንገድ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ከአፋፉ ወደ ቆላው የሚወርድ መስመር እንፈልግ ነበር። የኮምፒዩተሩ ባትሪ ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ካርታው ከሰፈር ቀርቷል። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ሃያ ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይዤ ስለነበር ካርታም ኮምፒዩተርም አላማረኝም። ቀትር ሲቃረብ መነጽሩን ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚወርድ አንድ ረጅም ሸንተረር አየሁ። ከላይ እስከ ታች ያልተቋረጠ፣ ለመንገድ የተፈጠረ የሚመስል ሸንተረር ነበር። መንገዱን ይመሩን የነበሩት የዲዚ ሽማግሌ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው በባዶ ዓይናቸው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው» አሉኝ። መነጽሩን ሰጠኋቸው፤ አይተው መለሱልኝና ያንኑ ደገሙ። እኔ ደግሞ በአክብሮት ፈገግ ብዬ መስመሩን በማስታወሻዬ ላይ አሰፈርሁት።

በማግሥቱ ወረድን። ሸንተረሩ በእርግጥም ሁለት ነበር። በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ስምንት መቶ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጥልቅ ሸለቆ ተዘርግቷል። ዙሪያውን ለመሄድ ስንሞክር ቀኑ መሸብን፤ የያዝነው ውሃም አለቀ። በሁለተኛው ቀን ከተሸካሚዎቻችን አንዱ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ በሙቀትና በውሃ ጥም ተዝለፍልፎ ወደቀ። በቃሬዛ ተሸክመነው ወደ ደጋው እስክንመለስ ድረስ የነበረውን ሌሊት ልገልጽላችሁ አልችልም። ልጁ ድኗል፤ ዛሬ ባለ ትዳር ነው። ሽማግሌው ስለ ነገሩ አንዲት ቃል እንኳ አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ግን ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ከብዶኝ ኖሯል።

እንግዲህ ስለ መነጽር ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። መነጽሩ ዋሸኝ ወይስ እኔ ያላየሁትን አየሁ? የሚለውን ለማወቅ ፈልጌ ነበር።

በማንኛውም መነጽር አካል ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ 8×42 ወይም 20×80 እንደሚባለው ማለት ነው። የመጀመሪያው የማጉላት ኃይሉ ሲሆን ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው አንድ ደቂቃ ያህል፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ማዕዘን ሲኖር ነው። ይህ በዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 2.6 ሜትር ይሆናል። ሃያ ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያንኑ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ያየ ወጣት መሐንዲስ ሃያውን ትቶ ስምንቱን ሊገዛ አይችልም፤ እኔም አልቻልሁም። ዳሩ ግን ስሌቱ እውነት የሚሆነው አየሩ ከፈቀደ፣ እጅ ካልተንቀጠቀጠና ሁለቱ የመነጽሩ ቱቦዎች እኩል ከተመለከቱ ብቻ ነው። የእኔ መነጽር ሦስቱም ጎድለውበት ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥልቀትን በሚመለከት ያታለለኝን ነገር ላስረዳ። ሁለት ዓይን ያለን ነገሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡና እንደሚራራቁ እንድንገነዘብ ነው ይባላል፤ ትክክል ነው፤ ወሰን ግን አለው። በሁለቱ ዓይኖቻችን መካከል ያለው ርቀት 65 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በግራና በቀኝ ዓይን የሚታዩት ምስሎች ልዩነት ከ20 ሴኮንድ ማዕዘን በታች ሲሆን አብዛኛው ሰው ጥልቀቱን አይለየውም ብለን ብንነሣ፣ ባዶ ዓይን ከሰባት መቶ ሜትር በታች በሆነ ርቀት ላይ ይህን ችሎታውን ይጨርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ርቀት የምንገምተው በጥላ፣ በቀለምና በልምድ ነው። መነጽር ችሎታውን በማጉላት ኃይሉ ልክ ያበዛዋል፤ የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ይልቅ ተራርቀው የተተከሉ ከሆነም በዚያው መጠን ይጨምርለታል። ይሁን እንጂ የሚለየው የጥልቀት ልዩነት በርቀቱ ካሬ ልክ እየሰፋ ይሄዳል። ሃያ ጊዜ የሚያጎላና የፊት ሌንሶቹ 13 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ መነጽር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ 40 ሜትር የማይሞላ የጥልቀት ልዩነት ያሳያል። በዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ግን ከሦስት ኪሎ ሜትር ያነሰውን ልዩነት አይለይም። እንግዲህ የእኔ ስምንት መቶ ሜትር ሸለቆ እንዴት ሊታየኝ ይችል ነበር? ይባስ ብሎ ማጉላት የሩቁን ከቅርቡ ጋር አጣብቆ ስለሚያሳይ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ያሉ ሁለት ሸንተረሮች እንደ አንድ ገጽ ተደራርበው ይታያሉ።

ሽማግሌው ግን ያዩት ጥልቀትን አልነበረም። በኋላ እንደነገሩኝ በሸንተረሩ መካከል የጠቆረ የዛፍ መስመር አይተዋል፤ በቆላ እንዲህ ያለ መስመር የሚበቅለው ወራጅ ውሃ ባለበት ነው። በስምንት ጊዜ መነጽር ባየሁት ኖሮ እኔም አየው ነበር፤ ምክንያቱም በዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ የሃያው የእይታ ስፋት አምስት መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የስምንቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። እኔ የተመለከትሁት ድንጋዩን ነበር እንጂ አገሩን አልነበረም።

መድኃኒቱ ለቀያሽ የተሰወረ አይደለም። ሁለት ዓይኖች የሚራራቁት 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ቆመው የሚያዩባቸው ቦታዎች ግን የፈለጉትን ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። በአፋፉ ላይ ሦስት መቶ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ተራምጄ ዳግመኛ ባየሁ ኖሮ፣ የፊተኛው ሸንተረር ከኋለኛው አንጻር ዘጠኝ ደቂቃ ማዕዘን ያህል ይንቀሳቀስ ነበር። ይህን ማንኛውም ቴዎዶላይት በቀላሉ ይለካዋል፤ መነጽርም ያሳየዋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ የእግር መንገድ ነበር።

ታዲያ ሁለት ዓይን ጥልቀትን ካላሳየ ባለ አንድ ቱቦ ቴሌስኮፕ አይበቃምን? እንደኔ አስተያየት አይበቃም። በሁለት ዓይን ሲያዩ ደብዛዛ ነገርን ከዳራው የመለየት ችሎታ በአንድ ዓይን ከሚያዩት ይልቅ አርባ በመቶ ያህል እንደሚሻል በላቦራቶሪ የተለካ ነገር ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሩብ ሰዓት የተመለከተ ሰው ፊቱ ይጨማደዳል፣ ትዕግሥቱ ያልቃል፣ ያላየውንም አየሁ ማለት ይጀምራል። አራዊት መቁጠርም ሆነ የደን ጢስ መጠበቅ የሰዓታት ሥራ ስለሆነ ድካሙ ራሱ የስሕተት ምንጭ ነው።

ሁለት ቱቦ ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ቱቦዎች ፍጹም ትይዩ ሆነው አንድ ቦታ መመልከት አለባቸው። ዓይኖቻችን ቅርብ ነገር ለማየት ወደ ውስጥ መዞርን የለመዱ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን ጥቂት ጉድለት ይችላሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እንዲያይ ሲገደዱ ግን አይችሉም። በሃያ ጊዜ መነጽር ላይ የአንድ ደቂቃ ማዕዘን ስሕተት ወደ ዓይን ሲደርስ ሃያ ደቂቃ፣ ማለትም የዲግሪ ሢሶ ይሆናል። አንጎል ሁለቱን ምስሎች አንድ ለማድረግ ሲታገል ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንባ ይከተላል። በስምንት ጊዜ መነጽር ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ጉድለት በሃያው ላይ መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል ማለት ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። መነጽሩን በመቆሚያ ላይ አድርጋችሁ ወደ ሩቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ አነጣጥሩ። ከዚያም ዓይናችሁን ከመነጽሩ ቀስ በቀስ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ አርቁ። ሁለት የተለያዩ ክብ ምስሎች ይታዩአችኋል። የጣሪያው መስመር በሁለቱም ክቦች ውስጥ በእኩል ከፍታ ካለፈ መነጽሩ ደኅና ነው፤ በአንዱ ከፍ በሌላው ዝቅ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት። እኔ ስሙን ከማልጠራው ነጋዴ የገዛሁት፣ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ማጉላት የሚለዋወጥ መነጽር ይህን ፈተና ወድቋል። የሚለዋወጥ ማጉላት ያላቸውን ሁሉ እንድትጠራጠሩ የምመክረውም ስለዚህ ነው፤ በሁለት ቱቦ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ሌንሶችን እኩል ማስኬድ አስቸጋሪ ነው፣ የእይታ ስፋታቸውም ጠባብ ነው።

ሌላም ፈተና አለ። መነጽሩን ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ብሩህ ሰማይ ስታዞሩት በዓይን ሌንሱ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ይታያል። ወርዱ የፊት ሌንሱ ለማጉላት ኃይሉ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ለ8×42 አምስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለ20×80 አራት፣ ለ20×60 ሦስት ይሆናል። የዓይን ብሌን በቀን ብርሃን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር፣ በጨለማ በወጣትነት ሰባት ያህል ስለሚከፈት፣ ለቀን ሥራ ሦስቱ ይበቃል፤ ለንጋትና ለማምሻ አራት ወይም አምስት ይሻላል። ክቡ ጠርዙ የተቆረጠ ወይም ማዕዘን ያለው ሆኖ ከታየ በውስጡ ያለው ፕሪዝም ያነሰ ወይም መስተዋቱ ዝቅተኛ ነው። በአካሉ ላይ 80 ተብሎ የተጻፈውን ቁጥርም ወዲያውኑ አትመኑ። በዓይን ሌንሱ በኩል የባትሪ መብራት ራቅ አድርጋችሁ ስታበሩ በፊት በኩል በግድግዳ ላይ የሚያርፈው ክብ እውነተኛውን ወርድ ይነግራችኋል።

ስለ ፕሪዝም ብዙ አልናገርም። ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 የፈለሰፈው፣ የዛይስ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1894 በሁለት ዓይን መነጽር ላይ ለገበያ ያዋለው ቅርጽ ዛሬም በትልልቆቹ መነጽሮች ላይ ይሠራበታል። በርካሽ ዋጋ ጥሩ ምስል ይሰጣል፤ ምቱ ሲበረታበት ግን ትይዩነቱን ያጣል። ይልቁንም የሌንሱ ቅብ ሊመረመር ይገባል። ያልተቀባ መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ አራት በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል፤ አሥራ ሁለት ገጽ ባለው መነጽር ውስጥ ከብርሃኑ ስድሳ በመቶው ገደማ ብቻ ዓይን ይደርሳል፤ የተመለሰውም ተቅበዝብዞ ምስሉን እንደ ወተት ያነጣዋል። የዛይሱ ሊቅ አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ያስገኘው ቅብ ይህን ችግር አቃልሎታል። ሁሉም ገጾች በበርካታ ድርብ የተቀቡ መሆናቸውን ጠይቁ።

እጅን በሚመለከት ልምዴ አጭር ነው፤ ከአሥር ጊዜ በላይ የሚያጎላ መነጽር በእጅ ተይዞ የሚያሳየው የያዡን የልብ ትርታ ነው። አሥራ አምስቱም ሃያውም መቆሚያ ይፈልጋሉ። መቆሚያው ደግሞ ከመነጽሩ ያልተናነሰ ገንዘብ የሚወጣበት ሊሆን ይገባዋል። ከሁለት ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን 20×80 በቀጭን የፎቶግራፍ መቆሚያ ላይ ቢቀመጥ በማጂ ነፋስ ሲወዛወዝ ይውላል። እግሮቹ መካከል ድንጋይ በከረጢት ማንጠልጠል ይረዳል። በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ምስሉን የሚያረጉ መነጽሮችም አሉ። ካኖን የሚሠራው 18×50 በተራ የባትሪ ድንጋይ እየሠራ ያለ መቆሚያ ጥሩ ምስል ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ባትሪው ካለቀ ደግሞ ተራ መነጽር ይሆናል።

አየሩን ማንም አይገዛውም። በበጋ ወራት ቆላው ሣር ይቃጠልበታል፣ ጢሱም ለሳምንታት በሸለቆዎቹ ላይ ይተኛል። ጭጋግና ጢስ የሚወስዱት በጨለማና በብርሃን መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ማጉላት ደግሞ ምስሉን ያሰፋዋል እንጂ የጠፋውን ልዩነት አይመልስም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ምድሪቱ ስትግል አየሩ እንደ ፈላ ውሃ ይርገበገባል፤ በዚያን ጊዜ ሃያው ከአሥሩ የበለጠ ምንም አያሳይም፤ መርገብገቡን ብቻ ያጎላል። የማየት ሥራ ከንጋት እስከ ረፋድ ይሁን፤ ማታ ዝናብ ጥሎ ጠዋት ከጠራ ደግሞ ቁርስ ይቆይ።

በዚህ አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች ትልቁ የመነጽር ጠላት እርጥበት ነው። ከማጂ እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባለው የቡና አገር ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ይይዛል፤ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ የከረመ መነጽር በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው ቅቡን ይበላል፤ ከተጸዳ በኋላም ጠባሳው ይቀራል። ስለዚህ ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላና ውሃ የማያስገባ መሆኑ በዚህ አገር ቅንጦት አይደለም። እንደዚህ ያለውን መግዛት ያልቻለ ሰው መነጽሩን ከማኅደሩ አውጥቶ፣ እርጥበት ከሚመጥ ኬሚካል ጋር ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጠው፤ ኬሚካሉንም በየጊዜው በምጣድ ላይ ያድርቀው።

እንግዲህ ምን እንግዛ? ለሚለው፣ ለአንድ የመስክ ቡድን አንድ መነጽር ብቻ የሚገዛ ከሆነ 8×42 ወይም 10×42 ይሁን፤ ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ እንደምታዝኑ አውቃለሁ። ሁለት መግዛት ከተቻለ ሁለተኛው 15×56 ከጥሩ መቆሚያ ጋር ይሁን፤ ለረጅም ሰዓት ሥራ ከሞከርኋቸው ሁሉ ለዓይን የሚቀልለው እርሱ ነው። 20×80ውና አራት ኪሎ ግራም የሚያልፈው 25×100 የሚገቡት በቋሚ ማማ ወይም በቋሚ ጣቢያ ነው፤ በሰው ጀርባ ተጭነው ወደ ቆላ የሚወርዱ ዕቃዎች አይደሉም። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ዓይናችሁ ከሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉውን ክብ ማየቱን አረጋግጡ። ከመግዛታችሁም በፊት ከሱቁ በር ወጥታችሁ የመንገዱን ማዶ ታርጋና ማስታወቂያ አንብቡ፤ ነጋዴው ካልፈቀደ ሌላ ነጋዴ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። መነጽር በእኛ አገር የወታደር ዕቃ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ከውጭ የምታስመጡ ሰዎች ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወደ ድንበሩ ስትወርዱም ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስ አስታውቁ፤ ደብዳቤም ያዙ። ከሩቅ የሚታይ ሰው በመነጽር እየታየ መሆኑን ቢያውቅ ላይወደው ይችላል፤ የሱሪና የሜኤን እረኞችም ይህን ለማለት መብት አላቸው።

ነገ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ወደ አፋፉ አብረን እንወጣለን። ስምንቱን፣ አሥራ አምስቱንና ያንኑ የፈረደብኝን ሃያውን ይዤ መጥቻለሁ። ሸንተረሮቹ የሚታዩበትን ቦታና ከዚያ በስተ ግራ ሦስት መቶ ሜትር የራቀውን ሁለተኛ ቦታ በካስማ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ያን ጊዜ የመሩን አባታችንም እዚህ አዳራሽ ከኋላ በኩል ተቀምጠዋል፤ ነገ አብረውን እንደሚወጡ ቃል ገብተውልኛል፤ መነጽር ግን አልይዝም ብለዋል።